ጉቦ ሲሉት ያሳስራል፣ መዋጮ ሲሉት ያሾማል

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ያዙና ተቀመጡ።

ስለ አሜሪካ ፖለቲካ በተወራ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንደኛው «እዚያ እኮ ሕግ አለ፤ ትራፊኩ እንኳ ብር አይቀበልም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ተወኝ ባክህ፣ ሁሉም ሌባ ነው፤ የእነሱ ሌባ ከረባት ስላሰረ ነው እንጂ ያው ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ሁለቱ ሰዎች ሲከራከሩ ላያቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። ግን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት አይፈልጉም። የመጀመሪያው ስለሚያመልክ አያይም፣ ሁለተኛው ስለሰለቸው አያይም።

እኔ ዛሬ አሠራሩን ላሳያችሁ ነው። ሐሳቤ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አሜሪካን ይበልጥ የሚጎዳት ሕግ ተጥሶ የሚሰጠው ገንዘብ ሳይሆን በሕግ የተፈቀደው ነው። ይሄ የተፈቀደ ገንዘብ ሁልጊዜ ምርጫ አይገዛም። የሚገዛው ሁለት ነገር ነው፦ ውለታና ፍርሃት።

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትምታቱ።)

እኛ ለዚህ ነገር ጥሩ ቃላት አሉን። በድሮ ጊዜ ጉዳይ ያለው ሰው የመኳንንቱን ደጅ ይጠና ነበር። እጅ መንሻ ይዞ የመጣው ቀደም ብሎ ይገባል፤ ባዶ እጁን የመጣው ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ጌትየው ባለ እጅ መንሻውን «ፍርድ ሸጬልሃለሁ» አይለውም። እንዲያው ቀድሞ ያየዋል፣ ረጋ ብሎ ያዳምጠዋል፣ ስሙን ያስታውሰዋል። ያ ብቻውን በቂ ነው። ምክንያቱም ባዶ እጁን የመጣው ሰው እስኪገባ ድረስ ጉዳዩ ተወስኖ ያልቃል።

ዋሽንግተን ያለው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ እዚያ ደጅ ጥናቱ ቢሮ፣ መዝገብና ደረሰኝ ያለው መሆኑ ነው። በ2023 የፌዴራል መንግሥቱን ለመጎትጎት፣ ማለትም ለሎቢ ሥራ፣ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። የተመዘገቡት ሎቢስቶች ከ12 ሺህ በላይ ናቸው። የኮንግረስ አባላት ደግሞ 535 ናቸው። አካፍሉት፤ ለአንድ ተመራጭ ከ20 በላይ አማላጅ ይደርሰዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። መንግሥትን አቤት ማለት በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ የተረጋገጠ መብት ነው። የመምህራን ማኅበርም፣ ገበሬውም፣ አካል ጉዳተኛውም ሎቢ ያደርጋል። መጎትጎት በራሱ ኃጢአት የለበትም። ጥያቄው አማላጁ ከጀርባው ምን ይዞ ይመጣል የሚለው ነው።

ነገሩ ዛሬ የጀመረም አይደለም። በ1896 ምርጫ የዊልያም ማኪንሊን ዘመቻ የመራው ማርክ ሃና የሚባል የኦሃዮ ባለሀብት ነበር። ይሄ ሰው ለባንኮች እንደ ግብር ተመን አወጣላቸው፤ ከካፒታላችሁ ሩብ በመቶ አዋጡ አላቸው። ማኪንሊ ከተፎካካሪው ብዙ እጥፍ ገንዘብ ይዞ ተወዳደረ፣ አሸነፈም። በ1907 ኩባንያዎች ለፌዴራል ዕጩዎች በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጡ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕጉን የፈረመው ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሱ በ1904 ሲወዳደር ከትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ተሰብስቦለት እንደነበር ልብ በሉ። ሕጉ ወጣ፤ ጠባቂ ግን አልተመደበለትም።

ከዚያ የኒክሰን ዘመን መጣ። ዋተርጌት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ቢሮ ሰብረው የገቡትን ሰዎች ነው። ምርመራው ሲቀጥል ግን ሌላ ነገርም ወጣ፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ለኒክሰን ዘመቻ በድብቅ የሰጡት ሕገወጥ ገንዘብ። ኒክሰን በኦገስት 1974 ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ መዋጮንም የዘመቻ ወጪንም የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ የሚቆጣጠር የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽንም አቋቋመ። አሁን ገና መልክ ያዘ ተባለ።

ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በጃንዋሪ 1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «በክሊ» በሚባለው መዝገብ ሕጉን ለሁለት ከፈለው። ለዕጩ በቀጥታ የሚሰጠውን መዋጮ መገደብ ይቻላል፣ ሊያበላሽ ይችላልና። ወጪን መገደብ ግን አይቻልም፤ ሐሳብን ለማሰራጨት ገንዘብ ማውጣት ራሱ ከንግግር ነፃነት ጋር የተያያዘ ነው አለ። ዛሬ የምናየው ሁሉ የበቀለው ከዚህች ዘር ነው።

በጃንዋሪ 2010 ደግሞ ዛፉ አፈራ። «ሲትዝንስ ዩናይትድ» የተባለ ድርጅት ሂላሪ ክሊንተንን የሚተች ፊልም በምርጫ ሰሞን ለማሳየት ፈልጎ ያነሳው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ወሰነ፦ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከዕጩው ተለይተው፣ በራሳቸው፣ ለምርጫ የሚያወጡት ገንዘብ ገደብ ሊደረግበት አይችልም። ምክንያቱም ለብቻ የሚወጣ ገንዘብ ሙስና አያስከትልም ተባለ። በወራት ውስጥ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄንኑ ተከትሎ እንዲህ ያሉ ቡድኖች ያለ ገደብ መሰብሰብም ይችላሉ አለ። ሱፐር ፓክ የሚባለው ነገር የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

ውጤቱን በቁጥር እዩት። በ2024 ምርጫ አንድ ሰው ለአንድ ዕጩ በቀጥታ መስጠት የሚችለው ለአንድ ዙር 3,300 ዶላር ብቻ ነበር። ያው ሰው ለሱፐር ፓክ ግን የፈለገውን ያህል መስጠት ይችላል። ኢሎን መስክ በዚያ ምርጫ ዶናልድ ትራምፕንና ሌሎች ሪፐብሊካን ዕጩዎችን ለመደገፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ከዚያ በኋላ በአዲሱ መንግሥት ውስጥ የመንግሥት ወጪ እንዲቀንስ ትልቅ ኃላፊነት ተሰጠው፤ ኩባንያው ስፔስኤክስ በዚያን ጊዜ ከዚያው መንግሥት ጋር የቢሊዮን ዶላሮች ውል ነበረው። የፊት በሩ በ3,300 ዶላር ተቆልፏል፤ የጓሮው በር ግን መዝጊያም የለውም።

«የንግግር ነፃነት አይደል ታዲያ?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ክፍል ውስጥ እናምጣው። 50 ተማሪ አለ፣ ሁሉም የመናገር መብት አለው። አንዱ ግን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ መጣ። ማንም ዝም በል አልተባለም፣ የማንም መብት አልተነካም። የሚሰማው ግን የማን ድምፅ ነው? ፍርድ ቤቱ መብቱን ቆጠረ፤ ጆሮውን አልቆጠረም።

አሁን ወደ ውለታው እንሂድ።

አንድ አዲስ የተመረጠ የኮንግረስ አባል ቀኑን በምን የሚያሳልፍ ይመስላችኋል? በ2013 መጀመሪያ ላይ የዴሞክራቲክ ፓርቲ የምክር ቤት ምርጫ ኮሚቴ ለአዲስ አባላቱ ያዘጋጀው የናሙና የቀን መርሐ ግብር ለጋዜጠኞች ወጥቶ ነበር። 4 ሰዓት ስልክ መደወል ይላል። ስልኩ ለመራጩ አይደለም፤ ለለጋሽ ነው። ለኮሚቴ ሥራና ለምክር ቤት ስብሰባ የተመደበው 2 ሰዓት ነው። ከመንግሥት ቢሮ ሆኖ መዋጮ መለመን በሕግ ስለተከለከለ ተመራጩ ተነስቶ በአቅራቢያው ወዳለው የፓርቲው ቢሮ ይሄዳል፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ የስም ዝርዝር ይዞ ይደውላል። ሪፐብሊካኖቹም ያው ናቸው።

እስቲ አስቡት። በቀን 4 ሰዓት፣ ለዓመታት፣ የምታወሩት ከባለ ገንዘብ ጋር ብቻ ቢሆን ጭንቀታችሁ የማንን ጭንቀት ይመስላል? መምህር ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ ሰው የሚመስለው አብሮት የሚውለውን ነው። እንዲህ ላለው ሰው ጉቦ መስጠት አያስፈልግም። ዓለምን በእነሱ መስኮት ማየት ይለምዳል። እኛ ደግሞ የበሉበትን ወጪት መስበር ነውር እንደሆነ እየተነገረን ነው ያደግነው። አሜሪካዊውም ሰው ነው፤ ወጪት ሰባሪ መባልን አይወድም።

ይሄ ነገር ሕይወት ሲነካ ለማየት መድኃኒትን እንውሰድ። ሜዲኬር ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆናቸው አሜሪካውያን መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን ነው። በ2003 የመድኃኒት ወጪንም እንዲሸፍን ትልቅ ሕግ ወጣ። ጥሩ ሕግ ነው ብላችሁ ልታጨበጭቡ ስትሉ ውስጡ አንዲት አንቀጽ አለች፤ መንግሥት ከመድኃኒት አምራቾች ጋር በዋጋ መደራደር አይችልም የምትል። የዓለም ትልቁ መድኃኒት ገዢ «ስንት ነው? ትንሽ ቀንሱ» እንዳይል በሕግ ታገደ ማለት ነው። እናቶቻችን ሽንኩርት ሲገዙ የሚያደርጉትን መንግሥት ተከለከለ። የቀድሞ ወታደሮችን የሚያክመው የራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን በዋጋ ይደራደር ነበር፤ ስለዚህ አይቻልም አይባልም።

ሕጉ በተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ የቀረበው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ብዙውን ጊዜ 15 ደቂቃ የሚፈጀው ድምፅ አሰጣጥ ወደ 3 ሰዓት ተጎተተ፤ የፓርቲው መሪዎች እምቢ ያሉትን አባላት እያግባቡ እስኪያሳምኑ ድረስ። ሊነጋ ሲል 220 ለ215 አለፈ።

ሕጉን ካዘጋጁት ዋናዎቹ አንዱ የሉዊዚያናው ተወካይ ቢሊ ቶዚን ነበሩ፤ ጉዳዩን የያዘው የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። በ2005 መጀመሪያ ከኮንግረስ ወጡ። ወጥተው የት ገቡ? የመድኃኒት አምራቾቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ደመወዛቸው በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ በሰፊው ተዘግቧል። ሕግ ጥሰዋል ተብለው አልተከሰሱም። የጻፍኩትም ለዚህ ነው፤ ሕግ መጣስ አላስፈለገም። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። እዚያ ደግሞ ሲሾሙ ጾሞ ሲሻሩ መብላት ይቻላል። ሳህኑ ከወዲያኛው በር በኩል ይጠብቃል።

ያቺ አንቀጽ እስክትነካ 19 ዓመት ፈጀ። በ2022 በወጣው ሕግ ሜዲኬር በተወሰኑ መድኃኒቶች ላይ እንዲደራደር ተፈቀደለት። ለመጀመሪያዎቹ 10 መድኃኒቶች የተገኘው ዋጋ ከዝርዝር ዋጋቸው ከ38 እስከ 79 በመቶ ቅናሽ ያለው ነበር፤ ሥራ ላይ የሚውለውም ከ2026 መጀመሪያ ነው። እስቲ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በእነዚያ 19 ዓመታት ሳይቀነስ የተከፈለው ልዩነት ከሰማይ አልወረደም። ከግብር ከፋዩ ኪስ፣ ክኒኑን ለሁለት ሰብረው ይውጡ ከነበሩ አዛውንቶች ኪስ ነው። ታክሲ እየነዳችሁ፣ ነርሲንግ ሆም እየሠራችሁ ግብር የምትከፍሉ ወገኖቼ የእናንተም ብር እዚያ ውስጥ አለ።

ይሄ የውለታው ወገን ነበር። የፍርሃቱ ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም እሱ ምንም ዱካ አይተውም።

በ2024 ምርጫ የክሪፕቶ ኩባንያዎች «ፌርሼክ» የሚባል ሱፐር ፓክና አጋሮቹን ይዘው መጡ። የሰበሰቡት 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ኦሃዮ ላይ የሴኔቱ የባንክ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩትንና ክሪፕቶን በጥርጣሬ ያዩ የነበሩትን ሸረድ ብራውንን ለማስሸነፍ ተፎካካሪያቸውን በመደገፍ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሱ። የሚገርመው ማስታወቂያዎቹ ስለ ክሪፕቶ ትንፍሽ አላሉም። ስለ ሥራ፣ ስለ ድንበር፣ መራጩን ስለሚያሳስበው ነገር ነው የሚያወሩት። መራጩ ማን እያናገረው እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነም አያውቅም። ብራውን ተሸነፉ።

ቡድኑ ለአንድ ፓርቲ አያዳላም፤ ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም ይደግፋል። እኔ ግን በጣም የሚያሳስበኝ የተሸነፉት ሰውዬ አይደሉም። ያልተሸነፉት ናቸው። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ያዩት ሌሎች የምክር ቤት አባላት። «እኔስ ላይ 40 ሚሊዮን ቢመጣብኝ?» ብሎ ማሰብ ብቻ በቂ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2025፣ ክሪፕቶ ኢንዱስትሪው አጥብቆ ይፈልገው የነበረ ሕግ ሴኔቱን በ68 ለ30 አለፈ፤ በጁላይ ተፈረመ። ሕጉን የደገፉት ሁሉ በገንዘብ ነው ማለት ውሸት ይሆናል፤ በሐሳቡ ያመኑበት አሉ። ችግሩ ማን አምኖ፣ ማን ፈርቶ እጁን እንዳወጣ ማንም መለየት አለመቻሉ ነው። ጉቦ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መርማሪ ፖሊስ ይፈልገው ነበር። ፍርሃትን በየትኛው መዝገብ ትፈልጉታላችሁ?

አሁን ጠንካራውን ተቃውሞ እናንሳ፤ ከተማሪዎቼ ጎበዞቹ የሚያነሱት ይሄንን ነው። «ቲቸር፣ ገንዘብ እንዲህ ከሆነ ታዲያ ባለ ገንዘቡ ለምን ይሸነፋል?» እውነት ነው፣ ይሸነፋል። ማይክል ብሉምበርግ በ2020 ከራሱ ኪስ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ በዴሞክራቶቹ የመጀመሪያ ዙር ያሸነፈው አንዲት ትንሽ ግዛት ብቻ ነው፤ አሜሪካን ሳሞአን። የካማላ ሃሪስ ዘመቻ በ2024 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ተሸነፈ። በኤፕሪል 2025 በዊስኮንሲን ለአንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ወንበር በሁለቱም ወገን 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። መስክና ደጋፊ ቡድኖቹ ከ20 ሚሊዮን በላይ አፈሰሱ፣ እሱም በአካል ሄዶ ለሁለት መራጮች የ1 ሚሊዮን ዶላር ቼክ ሰጠ። የደገፈው ዕጩ በ10 ነጥብ ገደማ ተሸነፈ።

እነዚህ ለእኔ ተስፋ ናቸው። ግን ሐሳቤን አያፈርሱትም። ዋናዎቹን ምርጫዎች፣ ሁሉም ሰው የሚያያቸውን፣ መራጩ ስሙንና ፊቱን የሚያውቀውን ዕጩ ገንዘብ ብቻውን ሊገዛው አይችልም። ገንዘብ ጉልበት የሚያገኘው ሰው በማያይበት ነው፦ በ850 ገጽ ሕግ ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ፣ በኮሚቴ ውስጥ ሳይነሳ የሚቀር ረቂቅ፣ ከ5 ተመዝጋቢ 1 ብቻ በሚወጣበት የፓርቲ ውስጥ ምርጫ። ብዙ ሕዝብ ከሌለበት ገበያ ዋጋ የሚቆርጠው ባለ ብዙ ብሩ ነው።

በ2014 ማርቲን ጊለንስና ቤንጃሚን ፔጅ የተባሉ ሁለት ፕሮፌሰሮች ከ1981 እስከ 2002 የነበሩ 1,779 የፖሊሲ ጉዳዮችን አጥንተው ነበር። ባለጸጋውና የተደራጁ ቡድኖች የሚፈልጉት ከግምት ሲገባ የተራው ዜጋ ፍላጎት ለብቻው በውሳኔው ላይ ያለው ተጽዕኖ ዜሮ ሊባል የተቃረበ ነው አሉ። ሌሎች ምሁራን ደግሞ ሀብታሙና መካከለኛው በብዙ ጉዳዮች ተመሳሳይ ነገር ስለሚፈልግ ነገሩ ተጋንኗል ብለው ተከራከሯቸው። ክርክሩ አለ። ግን ልብ በሉ፤ ተከራካሪዎቹም የሚሉት ተራው ሰው የሚሰማው ከሀብታሙ ጋር ሲስማማ ነው የሚል ዓይነት ነው። ይሄ ማጽናኛ ከሆነ፣ እንግዲህ ተጽናኑ።

እኛንስ ምን አገባን? ያገባናል። በእኛም ስም ብር ወጥቷል።

ብዙዎቻችሁ ኤችአር 128ን ታስታውሳላችሁ። በ2017 መጀመሪያ በኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት እንዲከበርና አሳታፊ አስተዳደር እንዲኖር የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። በዚያው ጊዜ የነበረው የኢትዮጵያ መንግሥት በዋሽንግተን አንድ የሎቢ ድርጅት በወር 150 ሺህ ዶላር ቀጥሮ ነበር። ይሄንን የማውቀው ወሬ ሰምቼ አይደለም። አሜሪካ ከ1938 ጀምሮ ለውጭ መንግሥት የሚሠራ ሁሉ እንዲመዘገብ የሚያስገድድ ሕግ ስላላት ውሉ በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ነው። በወር 150 ሺህ ዶላር በዓመት 1.8 ሚሊዮን ይሆናል። የውጭ ምንዛሪ አጥተን መድኃኒት በምንፈልግበት አገር።

በወዲያኛው ወገን ምን ነበር? ስልክ። በየከተማው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለየተወካያቸው ይደውሉ፣ ቢሮ ይሄዱ፣ ይሰለፉ ነበር። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባትን የኮሎራዶዋን ኦሮራን ይወክሉ የነበሩት ማይክ ኮፍማን ጉዳዩን አጥብቀው ያዙት፤ ወንበራቸው ለክፉ ፉክክር የተጋለጠ ነበር፣ የእነዚያ ሰዎች ድምፅም ያስፈልጋቸው ነበር። በኤፕሪል 10 ቀን 2018 የውሳኔ ሐሳቡ ምክር ቤቱን አለፈ። በይዘቱ የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል፤ አስገዳጅ ሕግም አልነበረም። እኔ የማነሳው ስለ አሠራሩ ነው። የተከፈለበት አማላጅ ነገሩን ከአንድ ዓመት በላይ ያዘገየው ይሆናል፤ የሚደውል መራጭ ግን አሳለፈው። ፖለቲከኛ ገንዘብን የሚፈልገው ድምፅ ለማግኘት ነው። ድምፁን ይዞ በቀጥታ የመጣ ሰው አቋራጩን ይዟል።

መፍትሔ አለ ወይ? አንድ ትልቅ መዶሻ የለም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ለመቀልበስ ወይ ፍርድ ቤቱ ሐሳቡን መቀየር፣ ወይ ሕገ መንግሥት መሻሻል አለበት፤ ሁለቱም ረጅም መንገድ ናቸው። ትንንሽ ነገሮች ግን አሉ። ሲያትል ከተማ በ2015 ነዋሪዎቿ በሕዝበ ውሳኔ ባጸደቁት ሕግ እያንዳንዱ ነዋሪ የ25 ዶላር 4 ኩፖን ይላክለታል፤ ለፈለገው የከተማ ዕጩ ይሰጣል። ከ2017 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ዕጩው ከሀብታም ሰፈር ይልቅ የድሃውን በር ማንኳኳት ያዋጣዋል ማለት ነው። ሲያትል ያላችሁ ወገኖች ይሄንን ስሙ፤ ዜግነት ባታገኙም ግሪን ካርድ ካላችሁ ኩፖኑን ማግኘት ትችላላችሁ። ድምፅ መስጠት ባትችሉ እንኳ 100 ዶላር የምታህል ድምፅ አለቻችሁ። መሳቢያ ውስጥ አትርሷት።

ሌላው መፍትሔ ግልጽነት ነው። በአሜሪካ ለፌዴራል ዕጩ በድምሩ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙና የሚሠራበት ቦታ ለሕዝብ ይወጣል። ማንም ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ማየት ይችላል። ይሄን ሁሉ ቁጥር የጻፍኩላችሁ ስላለ ነው። በዚህ ነገር አሜሪካኖቹን አደንቃለሁ፤ ቁስላቸውን ይዘግቡታል። ቀዳዳው ለጋሾቻቸውን እንዲናገሩ የማይገደዱት ድርጅቶች ናቸው፤ ገንዘቡ በእነሱ በኩል አልፎ ሱፐር ፓክ ውስጥ ሲገባ ባለቤቱ ይጠፋል። መደፈን ያለበት የመጀመሪያው ቀዳዳ እሱ ይመስለኛል። ገንዘብ መናገር ነው ካላችሁ፣ ተናጋሪው ፊቱን ያሳየን።

መጨረሻ ላይ ለልጆቼ፣ ማለት ለተማሪዎቼ።

አንዳንዶቻችሁ ቢሮ ገብታችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ነጋዴ ሆናችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ባሕር ማዶ ናችሁ። በየትም አገር ስለ ፖለቲካ ስታነቡ ከ«ማን አለ?» በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ከፈለ? ገንዘቡ የመጣው በየትኛው በር ነው? ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ጀርባ ሳይነሳ የቀረው ጉዳይ የቱ ነው? ሦስተኛው ከባዱ ነው። የተነገረውን መስማት ቀላል ነው፤ ዝም የተባለውን መስማት ሥልጠና ይፈልጋል።

«ሁሉም ያው ነው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ተጠንቀቋት። ብልህ ታስመስላለች፣ ስትናገሯት ያየ የገባው ሰው ይላችኋል። ግን ባለ ገንዘቦቹ ከፍለው ቢያሰራጯት የሚያተርፉባት ዓረፍተ ነገር እሷ ናት። «ሁሉም ያው ነው» ያለ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። 5 ሰው ሊመርጥ በሚገባበት 1 ብቻ ሲወጣ ደግሞ የዚያ የ1ዱ ዋጋ ይረክሳል፤ በትንሽ ብር ይገዛል። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። ይሁና። በምድር ግን መንገዱ የሚሰፋለት እኛ ዞር ስንልለት ነው።

የምትስማሙም የማትስማሙም ሐሳባችሁን ከታች አስፍሩ፤ በተለይ አሜሪካ የምትኖሩ፣ በየከተማችሁ ያያችሁትን ጻፉልን። ስድብ አልፈልግም፣ ክርክር እወዳለሁ። ሰላም እደሩልኝ።